ስቲቭ ፕሪፎንቴይን፦ ሁሉን ቀድሞ ቤቱ ሳይደርስ የቀረው ሯጭ

ስለ ሩጫ ሲነሳ የኢትዮጵያዊ ጆሮ መቆሙ የታወቀ ነውና ነገራችንን ከምሩጽ ይፍጠር እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1971 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ የአሜሪካና የአፍሪካ አትሌቶች የተገናኙበት ውድድር ተደረገ። ምሩጽ 5,000 ሜትሩን ሲሮጥ የመጨረሻው ዙር የደረሰ መሰለውና ሁሉንም ጥሎ ተፈተለከ። መስመሩንም አልፎ ቆመ። ለካ ገና አንድ ዙር ይቀር ነበር! ያን ቀን አንደኛ ሆኖ የገባው የ20 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት ነበር፤ ስሙም ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ይባላል። ምሩጽ ግን በዚያው ውድድር ላይ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ ስሕተቱን ካሰ።

ምሩጽ ዙር ሲቆጥር ተሳሳተ፤ ሌላ ሩጫ ስለነበረው አካካሰው። ፕሪፎንቴይን ከአራት ዓመት በኋላ በአንድ ሌሊት የሠራው ስሕተት ግን ማካካሻ አልነበረውም። ዛሬ የምንመለከተው የዚህን ወጣት ሕይወት ነው። ሕይወቱን የምንመለከተው ሙታንን ለመውቀስ አይደለም፤ በሕይወት ያለነው እንድንማርበት ነው።

የአናጢው ልጅ

ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ጥር 25 ቀን 1951 በኦሪገን ግዛት፣ ኩስ ቤይ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። ኩስ ቤይ የእንጨት ቆራጮች፣ የዓሣ አጥማጆችና የወደብ ሠራተኞች ከተማ ነበረች። አባቱ አናጢና በያጅ ሲሆን እናቱ በልብስ ስፌት የምትሠራ ጀርመናዊት ነበረች፤ የተገናኙትም አባቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ ጀርመን ባገለገለበት ጊዜ ነው።

ልጁ ቁመቱ አጭር ስለነበረ በአሜሪካን ፉትቦልም ሆነ በቅርጫት ኳስ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳም። አንድ ወቅት ግን ከፍ ያሉት ተማሪዎች በሜዳው አጠገብ እየሮጡ ሲያልፉ ተመለከተና እርሱም ወደ ሩጫ ገባ። በማርሽፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኙ ዋልት መክሉር ይባል ነበር። በ1969፣ በ18 ዓመቱ፣ ሁለት ማይልን በ8 ደቂቃ ከ41.5 ሰከንድ ሮጦ የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሪከርድ ሰበረ። ከተጠባባቂ ወንበር የተነሳው ልጅ የመላ አሜሪካ ወሬ ሆነ።

ከዚያም ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ዩጂን ከተማ ሄደ። እዚያ የተቀበሉት ሁለት አሠልጣኞች ተራ ሰዎች አልነበሩም። ቢል ባወርማን ዛሬ ናይኪ ተብሎ የሚታወቀውን ኩባንያ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ ቢል ዴሊንጀር ደግሞ በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ያገኘ ሯጭ ነበር። በእነዚህ ሰዎች እጅ ፕሪፎንቴይን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የአገር አቋራጭ ውድድር ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ በሦስት ማይልና በ5,000 ሜትር ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ ማንም አልቀደመውም። በሰኔ 1970፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ፎቶግራፉ የታዋቂ ስፖርት መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

አሯሯጡም ከሌሎች የተለየ ነበር። ብዙዎች ኃይላቸውን ቆጥበው በመጨረሻው ዙር ሲፈተለኩ እርሱ ግን ከመጀመሪያው ፊት ወጥቶ ተከታዮቹን እስኪያደክም ድረስ ይጎትታቸው ነበር። የዩጂን ሕዝብም ሄይዋርድ ፊልድ በሚባለው ስታዲየም እየሞላ በቅጽል ስሙ ይጠራው ነበር። በዚያ ሜዳ ከአንድ ማይል በሚበልጥ ርቀት አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም።

ሙኒክና ከዚያ በኋላ

በ1972 ዓለም በጀርመን፣ በሙኒክ ተሰበሰበ። ያ ኦሎምፒክ ለእኛም የማይረሳ ነው። ምሩጽ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5,000 ሜትር ግን ሳይሮጥ ቀረ። ማሞ ወልዴ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነበር። ይህን የሾርተርን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ኦሎምፒክ መስከረም 5 ቀን በተጀመረው የአሸባሪዎች ጥቃት 11 የእስራኤል ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ተገድለው ጨዋታው ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

መስከረም 10 ቀን በ5,000 ሜትር ፍጻሜ የ21 ዓመቱ ፕሪፎንቴይን አራት ዙር ሲቀር ፊት ወጣ። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረንና ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ አልለቀቁትም። በመጨረሻው ዙር ሁለቱ አለፉት፤ ነሐሱን ያገኛል ሲባልም እንግሊዛዊው ኢያን ስቱዋርት መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቀደመው። አራተኛ ሆነ። ሜዳልያ የለም።

ከሙኒክ ሲመለስ ወርቅ ባያመጣም ኑሮው የወርቅ ባለቤቶቹ ከሚገጥማቸው የተለየ አልነበረም። በዚያን ዘመን የኦሎምፒክ ሯጭ በሩጫው ገንዘብ እንዲቀበል አይፈቀድለትም ነበር። ፕሪፎንቴይን በተጎታች ቤት ኖረ፤ መንግሥት ለችግረኞች በሚሰጠው የምግብ ኩፖን ተረዳ፤ መጠጥ ቤት ውስጥም መጠጥ እየቀዳ ሠራ። ወደ ባለሙያ ሯጮች ማኅበር እንዲገባ 200,000 ዶላር ገደማ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ፤ ቢቀበል በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ መሮጥ አይችልም ነበርና። አትሌቶችን ያለ ደመወዝ እያሯሯጠ እንደ ፈለገ የሚያዝዛቸውን የስፖርት አስተዳደር በግልጽ ተቃወመ። ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1978 የአሜሪካ ሕግ ሲሻሻል የእርሱና የጓደኞቹ ትግል ፍሬ እንዳፈራ ብዙዎች ይመሰክራሉ።

ሌላም መልካም ነገር ነበረው። ወደ ኦሪገን ግዛት ወኅኒ ቤት እየሄደ ለታራሚዎች የሩጫ ክበብ አቋቁሟል። ይህ ሰው ልቡ ደንዳና፣ ለሰው ግድ የሌለው አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ምክንያት አለኝ። ጠጥቶ መኪና የሚነዳ ሰው ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምንስለው ጎዳና ላይ የሚንገዳገድ፣ ቤተሰቡን የበተነ ሰካራምን ነው። ፕሪፎንቴይን ግን ማልዶ የሚነሳ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ጓደኞቹን የሚያግዝ ወጣት ነበር።

የመጨረሻው ቀን

በ1975 የጸደይ ወራት ፕሪፎንቴይን ከፊንላንድ አትሌቶችን ጋብዞ በኦሪገንና በአካባቢው ውድድር አዘጋጀ። ቪረን ሳይመጣ ቀረ፤ ግንቦት 29 ቀን በሄይዋርድ ፊልድ በተደረገው የ5,000 ሜትር ሩጫ ላይ ከፕሪፎንቴይን ጋር የተሰለፈው ታላቅ ሯጭ ፍራንክ ሾርተር ነበር። ፕሪፎንቴይን በ13 ደቂቃ ከ23.8 ሰከንድ አሸነፈ፤ ይህም ራሱ ከያዘው የአሜሪካ ሪከርድ በሁለት ሰከንድ ገደማ ብቻ የዘገየ ነበር። በዚያን ቀን ከ2,000 እስከ 10,000 ሜትር ያሉት የአሜሪካ ሪከርዶች በሙሉ የእርሱ ነበሩ። ዕድሜው 24 ዓመት ነው። ሞንትሪያል የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ማታ በጓደኛው ቤት ግብዣ ነበር። አሸናፊውም እንግዶቹም በሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ፕሪፎንቴይን ሾርተርን በትንሿ ኤም.ጂ.ቢ መኪናው አሳፍሮ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማረፊያው አደረሰው። ተሰነባበቱ። ከዚያም ብቻውን ስካይላይን ቡሌቫርድ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያዘ። ይህን መንገድ ልምምድ የሚሮጥበት ስለሆነ በደንብ ያውቀዋል። እኩለ ሌሊት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ መኪናው መሐል መስመሩን ተሻግሮ በመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጨና ተገለበጠ። ጣሪያው ክፍት ነበር፤ ቀበቶም አላሰረም። መኪናው ደረቱ ላይ አርፎ መተንፈስ ከለከለው። ሰው ደርሶ ሳያነሳለት እዚያው ሞተ።

የዩጂን ፖሊስ በደሙ ውስጥ የተገኘው አልኮል 0.16 በመቶ መሆኑን አስታወቀ። በወቅቱ የኦሪገን ሕግ የሚፈቅደው 0.10 በመቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን የማይቀበሉ ወዳጆች ነበሩ፤ ደሙ የተወሰደበትን መንገድ የተጠራጠሩ፣ ሌላ መኪና መንገድ ዘግቶበት ይሆናል ያሉም አሉ። ክርክሩ ከኀምሳ ዓመት በኋላም አልቆመም። ሰው የሚወደው ሰው ሲሞትበት እንዲህ ማለቱ አያስደንቅም። በእኛስ ለቅሶ ቤት በድንኳኑ ውስጥ የምንሰማው ምንድን ነው? ቀኑ ደርሶ ነው፣ መንገዱ መጥፎ ነው፣ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ነው እንላለን። ስለ ጠርሙሱ የሚያነሳ የለም። ዝም የምንለው ለሟቹ ክብር ብለን ነው። ይሁን እንጂ ዝምታችንን በዚያው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ይሰማዋል፤ ከዚያ የሚማረው ነገር የለም።

ሳንባው ያልረዳው ነገር

አንድ ነገር እንመርምር። የፕሪፎንቴይን ሰውነት በቤተ ሙከራ ተለክቶ ነበር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 84.4 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀም ነበር፤ ይህም በሯጮች ዘንድ እንኳ እጅግ ከፍ ያለ ልክ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ብርቱ ሰው አልኮልን ሊቋቋም አይችልም ነበርን? አይችልም። አልኮልን ከደም የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ በልምምድ ፈጥኖ አይሠራም። በአማካይ በሰዓት የሚያስወግደው 0.015 በመቶ ገደማ ነው። 0.16 በመቶ የደረሰ ሰው ደሙ ፈጽሞ እስኪጠራ ከአሥር ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ቡና ቢጠጣ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ፣ ጥሬ ሥጋ ቢበላበት ሰዓቱ አያጥርም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አልኮል ከሁሉ በፊት የሚነካው የሰውን ማመዛዘኛ መሆኑ ነው። እግር ከመንገዳገዱ፣ ምላስ ከመተሳሰሩ በፊት ፍርድ ይዛባል። ስለዚህ የጠጣ ሰው ደህና ነኝ ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ በእውነት ደህና የሆነ ይመስለዋል። እኛም ሰክሮ አይደለም፣ ሞቅ ብሎት ነው እንላለን። ልብ በሉ፤ ብዙ መኪና የሚገለበጠው ሞቅ ባላቸው ሰዎች እጅ ነው። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይስማማል።

በፕሪፎንቴይን ታሪክ ውስጥ ልብን የሚነካው ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያች ሌሊት በዩጂን ከተማ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ ቤቱ በእግሩ ለመሄድ እርሱን የሚያህል ብቃት ያለው አልነበረም።

እርሱ ብቻ አይደለም

በኅዳር 1985 የፊላደልፊያ ፍላየርስ የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ የነበረው ስዊድናዊው ፔሌ ሊንድበርግ ሌሊት ፖርሽ መኪናውን ሲነዳ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ በደሙ የተገኘው አልኮል 0.24 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተብሎ ተሸልሞ ነበር፤ ዕድሜው 26 ነበር። በሚያዝያ 2007 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የቤዝቦል ተጫዋች ጆሽ ሃንኮክ በ29 ዓመቱ መንገድ ላይ ከቆመ የመኪና መጎተቻ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ እርሱም ከሕጉ በላይ ጠጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2009 ደግሞ ሌላ የቤዝቦል ተጫዋች፣ የ22 ዓመቱ ኒክ አደንሃርት፣ በካሊፎርኒያ ሞተ። አደንሃርት አላጠፋም። ጠጥቶ የሚነዳ ሌላ ሰው ቀይ መብራት ጥሶ የተሳፈረበትን መኪና መታው፤ ከእርሱ ጋር ሁለት ወጣቶች አብረው ሞቱ። ገዳዩ ታዋቂ አልነበረም፤ እንደ ማናችንም ያለ ሰው ነበር። ከ51 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እስራት ተፈረደበት።

ዝነኛው ሲሞት ዜናው ዓለምን ያዳርሳል፤ ተራው ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻ ያለቅሳል። ቁጥሩ ግን የሚበዛው የተራው ሰው ነው። በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ20,000 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ1980 ልጇን በሰከረ አሽከርካሪ ያጣች አንዲት የካሊፎርኒያ እናት የእናቶችን ማኅበር መሠረተች፤ ሕጎች ተለወጡ። ኦሪገን በ1983 የተፈቀደውን ልክ ወደ 0.08 በመቶ ዝቅ አደረገች፤ ቀስ በቀስም መላ አገሪቱ ተከተለች፤ ዩታ እንዲያውም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05 አድርጋዋለች። ሞቱ በብዙ ቀነሰ። ቢሆንም በ2023 ብቻ ከ12,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መቀነሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ይህ ሞት ከሰማይ የተጻፈ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ሕግና የእናቶች እንባ ባልቀነሰው ነበር።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ስካር ኃጢአት መሆኑን ለእናንተ መንገር አዲስ ነገር አይሆንም። ምናልባት ብዙዎቻችሁ አትጠጡም፤ ይህ ጽሑፍ ለእኔ አይደለም የምትሉም ትኖራላችሁ። ነገር ግን ሰርግ አትሄዱምን? ምርቃት፣ ክርስትና፣ የሥራ ቦታ ግብዣ አትጠሩምን? የሚጠጣ ወንድም፣ አጎት፣ የሥራ ባልደረባ የላችሁምን? የወንድምን ጠባቂነት የሚጠየቀው ያልጠጣው ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት አእምሮው የተሟላው እርሱ ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ነገሩ ከግብዣው በፊት ቢታሰብበት ይሻላል። ማን እንደሚነዳ ከቤት ሳይወጡ ይወሰን። የሚጠጣው ሰው መኪናውን ቤት ይተው፤ በታክሲ ወይም በራይድ ይሂድ። ጋባዡ ለእንግዳው ፍራሽ ያዘጋጅ። ይህ ሁሉ ካልሆነና ሰውየው ቁልፉን ይዞ ከተነሳ ቁልፉን ውሰዱ። ይቆጣል፤ ንቀኸኛል፣ ንቀሽኛል ይላል። ታላቅህ ከሆነ፣ ባለ ስም ከሆነ፣ ግብዣውን የከፈለው እርሱ ከሆነ እጅህ ይከብዳል። ዝነኞችን ከሚገድላቸው ነገር አንዱ ይኸው ነው፤ ማንም አይሆንም ሊላቸው አይደፍርም። ይሁን እንጂ በማግስቱ ከሚያኮርፍ ወንድም ጋር መታረቅ ይቻላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቻችንም ይህን አስቡ። ብዙዎቻችሁ እንጀራችሁን የምትበሉት በመንጃ ፈቃዳችሁ ነው፤ ታክሲ የምትነዱ፣ ዕቃ የምታደርሱ፣ ማለዳ ወደ ሥራ የምትበርሩ ናችሁ። ማንም ሳይሞት እንኳ አንዲት ሌሊት ፈቃዳችሁን፣ ሥራችሁን፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ጉዳያችሁን ልታበላሽ ትችላለች። አገር ቤት ከእናንተ የሚጠብቁም አሉ።

ለእኛ የቀረው ዙር

ፕሪፎንቴይን በተወለደባት ኩስ ቤይ ተቀበረ። ሳምንት ገደማ እንዳለፈ በዩጂን ሊደረግ ታስቦ የነበረው ውድድር በስሙ ተሰየመ፤ እስከ ዛሬም ፕሪፎንቴይን ክላሲክ ይባላል። በዚህ ውድድር የእኛም ልጆች ሮጠዋል። ቀነኒሳ በቀለ በ2008 10,000 ሜትርን እዚያ አሸንፏል። ጉዳፍ ጸጋይ በመስከረም 2023 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ሪከርድ የሰበረችው በዚሁ ውድድር ላይ ነበር፤ ሪከርዱም እስከ ሐምሌ 2025 ቆይቷል። ድንጋዩ ባለበት ስፍራ ደግሞ ሯጮች እየመጡ ሜዳልያቸውን፣ ጫማቸውንና የደረት ቁጥራቸውን ያኖራሉ። ስሙ ሕያው ነው፤ እርሱ ግን ሞንትሪያልን አላየም።

ምሩጽም ሞንትሪያልን አልሮጠም። በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በኦሎምፒኩ ሳትካፈል ቀርታለችና። ስለዚህ ያ ዙር ሲቆጥር የተሳሳተው፣ በሙኒክ 5,000 ሜትሩ ያመለጠው ሰው አሁንም ጠበቀ። በ1980 ሞስኮ ሄዶ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ፤ ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። የሳተውን ሁሉ ለማካካስ ያስፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ በሕይወት መቆየት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ የተጠራችሁ ትኖሩ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሲመሽ የሚነዳው ማን ነው? ማስተዋልን ያብዛልን።